አቡኑን ለእርቅ ይዤ ስወርድ

በሀገረ ስብከቱ ሾፌርነት ሥራ የጀመርኩ ዕለት አቡኑን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ይዤ ወረድኩ። ከዚያ በፊት አትክልት የሚጭን አይሱዙ ነበር የምነዳው። ሐረጎ ጠመዝማዛው ቁልቁለት ላይ እንደ ልማዴ መኪናውን ለቀቅኩት። አቡኑ ከኋላ ሆነው፣ «ልጄ፣ ቲማቲም ስትጭንም እንዲህ ነው የምትነዳው?» አሉኝ።

«የለም አባታችን፣ ቲማቲም ይፈርጣል» አልኳቸው። አጠገቤ የተቀመጡት የሀገረ ስብከቱ ሥራ አስኪያጅ ክው አሉ። አቡኑ ግን ከት ብለው ሳቁና፣ «እኛም እንፈርጣለን» አሉ። ቀሪውን ቁልቁለት በሁለተኛ ማርሽ ጨረስኩት።

የጳጳስ ሾፌር ሥራው መሪ መያዝ ብቻ አይደለም። መንገድ ዳር ነጠላውን አስተካክሎ የቆመ ሰው ካየህ ፍጥነት ትቀንሳለህ፣ መስኮቱን ታወርዳለህ። መስቀል ሳይሳለም የቀረ ሰው የሚያማው ጳጳሱን ሳይሆን ሾፌሩን ነው። ሙስሊሞቹም ያስቆሙን ነበር። «አባባ፣ ዱዓ ያድርጉልን» ሲሏቸው አቡኑ ወርደው የቤተሰቡን ደኅንነት በየስሙ ይጠይቃሉ። የአቡኑ ሾፌር መባል ያኮራኝ ነበር፤ ዛሬም ያኮራኛል።

አንድ ቀን ከሐርቡ ወዲያ ወዳለ መንደር ለእርቅ ሄድን። አቶ ይመር የሚባሉ ገበሬ ልጃቸው በድንበር ጠብ ተገድሎባቸዋል። ገዳዩ ታስሯል፤ አቶ ይመር ግን ወንድሙን ካልገደልኩ ብለው ምለዋል። ወንድምየው ከቤቱ መውጣት ፈርቶ መሬቱ ጦሙን አድሯል። ሽማግሌ ቢላክ ቢላክ አልሆነም። አቡኑ የአገሩን ትልቅ ሰው ሸህ ሰይድን አጠገባቸው አስቀምጠው ሄዱ።

እንደደረስን ሥራ አስኪያጁ፣ «ከሰዓት ስብሰባ አለብን፣ አዙረህ አቁም» አሉኝ። የኛም ደንብ እንደዚያ ነው፤ ባለሥልጣን የያዘ ሾፌር እንደደረሰ መኪናውን ወደ መውጫው ያዞራል። አዞርኩ።

አቶ ይመር ከቤት ወጡ። አቡኑ መስቀሉን ቢዘረጉላቸው አልተሳለሙም። ዓይናቸው መኪናው ላይ ነው።

«አባታችን፣ ገና ሳይቀመጡ መኪናዎ ፊቱን አዙሯል። የልጄ ደም በቁም የሚያልቅ ጉዳይ ነው? በሉ እንዳይመሽብዎ» አሉ።

አቡኑ ወደኔ ዞረው፣ «መልሰህ አዙርና አጥሩ ውስጥ አስገባው። ቁልፉን አምጣ» አሉኝ። ሾፌር ቁልፉን ለሰው አይሰጥም፤ እጄ እየከበደኝ ሰጠኋቸው። እሳቸውም አቶ ይመርን አስጨበጧቸው።

«ይመር፣ እንግዶችህ ነን። አንተ ሂዱ ስትል እንሄዳለን።»

«ወላሂ እኔም ብሆን በዚህ ጉልበቴ በእግሬ ሐርቡ አልደርስም» አሉ ሸህ ሰይድ። ሥራ አስኪያጁ ሰዓታቸውን አዩ፤ አቡኑ ደግሞ እሳቸውን አዩዋቸው። ከዚያ በኋላ ሰዓት ያየ የለም።

አቡኑ መደቡ ላይ ተቀምጠው ስለ ሟቹ ጠየቁ። እንዴት ያለ ልጅ ነበር? ምን ይወድ ነበር? አባት መጀመሪያ በቁጣ፣ ቀጥሎ በእንባ አወሩ። ስለ እርቅ አንድ ቃል ያነሳ አልነበረም። እኔም ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ።

ጥላው ሲረዝም አቶ ይመር ራሳቸው፣ «ጥሩት» አሉ። የገዳዩ ወንድም እንደ እርቅ ወጉ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ መጣ። አቶ ይመር ብዙ ካዩት በኋላ ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱለት። ከዚያ መስቀሉን ተሳለሙ።

ቁልፉን ለኔ መለሱልኝ። «ሾፌር፣ አባታችንን ቀስ አድርገህ አድርሳቸው» አሉኝ። በማግስቱ ወንድምየው በሬውን ጠምዶ ማሳው ላይ ታየ።

አቡኑ ለወሎ ምን ሠሩ ሲባል ሰው ያሠሩትን ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ይቆጥራል። እውነት ነው። እኔ የማስታውሰው ግን ማሳው ላይ የታየውን ያንን ገበሬ ነው፤ አቡኑን እዚያ ያደረስኳቸውም እኔ ነኝ።

ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይኸው ነው፤ ለእርቅ የሄደ ሾፌር መኪናውን ወደ መውጫው አዙሮ አያቁም።