የዓሣዎቹ ውሃ

አክስቴ ሀጀራ ውሃ ለመቅዳት ስትወርድ በአቋራጭ አትሄድም ነበር። በመቃብሩ አጠገብ የሚያልፍ አጭር መንገድ እያለላት፣ እንስራዋን አዝላ ጋራውን ትዞራለች። ለምን ብዬ ስጠይቃት፣ «እግሩ የኔ፣ አንተን ምን አደከመህ?» ትለኛለች። ምላሷ ስለት ነበር፤ ሁለተኛ አይጠየቅም።

አገራችን ከመካነ ሰላም ቁልቁል ወደ አባይ በረሃ ሲወርዱ ነው። ወንዛችን በክረምት ድንጋይ ያንከባልላል፤ በበጋ ተቆራርጦ ኩሬ ኩሬ ይሆናል። በነዚያ ኩሬዎች ውስጥ ከጣት የማትበልጥ፣ ጎኗ የሚያብለጨልጭ ዓሣ አለች። ለብቻዋ ስም እንኳ አላወጣንላትም። በደህና ጊዜ ማንም አይበላትም፤ የውሃውን ትል የምትለቅምልን እሷ ናት። ዓሣ የሌለበትን ኩሬ የኛ ሰው አይጠጣም።

ኩሬዎቹ መድረቅ ሲጀምሩ ዓሣዎቹን በቅል እየጨለፉ ከቋጥኙ ሥር ወዳለው ጥልቅ ኩሬ ማዛወር የአክስቴ አባት ሥራ ነበር። እሳቸው ሲያርፉ ለእሷ ቀረ። የሾማት የለም፣ ያመሰገናትም የለም። ኩሬው ውስጥ ድንጋይ የወረወረ ልጅ ግን ወየውለት!

በስልሳ አምስት ዝናቡ ጨርሶ ቀረ። ባሏ አራጌ እህል ፍለጋ ወደ መካነ ሰላም ወጣ፤ ከዚያ ወደ ደሴ ተሻገረ ተባለ፤ በዚያው ቀረ። አክስቴ ከትንሿ ልጇ ከዓሊማ ጋር ብቻዋን ሆነች። ጥልቁ ኩሬም ጭቃ ሲሆን የመጨረሻዎቹን ዓሣዎች ለቅማ፣ ውሃ ባለው ገንቦ ውስጥ ጨምራ ቤቷ ጥግ አስቀመጠቻቸው። ያን ውሃ ያመጣችው ሩቅ ወርዳ፣ የወንዙን አሸዋ በእጇ ጭራ ነው።

ጎረቤቷ ብርሀንነሽ አንድ ቀን ገንቦውን አይታ ጮኸችባት። «ሰው እንደ ቅጠል እየረገፈ አንቺ የዓሣ ሞግዚት ሆንሽ? ቀቅለሽ ለልጅቱ አትሰጫትም?»

አክስቴ ገንቦውን በሰፌድ ከደነችው። ቀቅላ ሰጥታት ነበር፤ የልጅቱ ሆድ አልቀበል ብሎ መለሰችው። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፣ ብዙ ቆይታ። የቀሩት ዓሣዎች ለዘር የሚሆኑት ብቻ ነበሩ። እነሱ ካለቁ ዝናብ ቢመጣ እንኳ ኩሬው ለሰው አይሆንም ብላ ታምናለች። አባቷም ያወረሷት ይህንኑ ነው።

ዓሊማ ብዙ አልቆየችም። ጎህ ሲቀድ እናቷ ጭን ላይ አረፈች። ሰፈሩን ቁርአን የሚያቀሩት ሼህ ሱሌማን መጡ። እሳቸውም ከስተው በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ሬሳውን አይተው «ኢና ሊላሂ» አሉና ጠየቁ።

«ሀጀራ፣ የምናጥብበት ውሃ አለ?»

ገንቦው ከጀርባዋ ነበር፤ አፉ በሰፌድ ተከድኗል።

«የለም፣ ሼህ» አለች።

ውሃ ሲጠፋ አፈር ይፈቀዳል። ሼሁ ንጹሕ አፈር ላይ መዳፋቸውን አሳርፈው የሕፃኗን ፊትና እጅ አበሱ። በእናቷ ነጠላ ተገንዛ ተቀበረች። አክስቴ አላለቀሰችም። ሰው ረሃቡ እንባዋን አደረቀው አለ፤ እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ክረምት ዘነበ። አክስቴ ገንቦዋን ተሸክማ ወርዳ ዓሣዎቹን ለቀቀች። ረቡ። የተረፈው ሰው ውሃውን ያለ ሥጋት ጠጣ፣ እሷም አብራ ጠጣች። ጋራውን መዞር የጀመረችው ያኔ ነው።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። በስልሳ ሰባት መሬት ላራሹ ታወጀ፤ በኛም ሰፈር የገበሬ ማኅበር ተቋቁሞ አምባቸው የሚባል ጎረቤታችን ሊቀመንበር ሆነ። ዋርካው ሥር ሰብስቦን ሲናገር ድንገት አክስቴን አስነሳት።

«ባለርስቱ ጎተራውን ቆልፎ ሲያየን፣ ይቺ ሴት የልጇ ሐዘን ሳይበግራት የሁላችንን ውሃ አቆየች! ለጓድ ሀጀራ ይጨብጨብ!»

ተጨበጨበ። አክስቴ ሻሿን ወደ ፊቷ ስባ በሰው መሃል ወጥታ ሄደች። «አፈረች» ብለው ሳቁ።

የሄደችው ሼህ ሱሌማን ዘንድ ነው። ደጃፋቸው ላይ ተቀመጠች።

«ዋሽቼዎታለሁ፣ ሼህ። ዓሊማ የሞተች ቀን ውሃ ነበረኝ። ለዓሣ ብዬ ልጄን ሳትታጠብ በአፈር አሳብሼ አስቀበርኳት። ይኸው ዛሬ ይጨበጨብልኛል።»

ሼሁ መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ። «ሌላ ውሃ ነበረሽ?»

«አልነበረኝም።»

«ያን ብናፈሰው ዓሣዎቹ ያልቁ ነበር?»

«አዎን።»

«ምነው ያኔ በነገርሽኝ! የሚጠማ ነፍስ ካለ ውሃው የእሱ ነው፤ ሰውም ይሁን እንስሳ። ብትነግሪኝም በዚያው በአፈር ነበር የማደርግላት።»

«ለዓሣም?»

«ለዓሣም። ለውሸቱ አላህ ይማርሽ። ልጅሽ ግን ሀቋ አልጎደለባትም።»

መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባላል። አክስቴን ሊቅ ባያደርጋት እንኳ፣ ልጇን ለማልቀስ ባበቃት ነበር። ለእኔ ከረሃቡ እኩል የሚቆጨኝ ይህ ነው። ሙት እንደበደለ ሰው ራሷን እንባ ከልክላ ኖረች። ያን ቀን ሼሁ ደጃፍ ላይ ጮኻ አለቀሰች፤ ልጅቱ ገና ያን ጠዋት የሞተች ያህል።

ሲወጣላት እንስራዋን ይዛ ወደ ኩሬው ወረደች። ስትመለስ በአጭሩ መንገድ፣ በመቃብሩ በኩል መጣች። ከዓሊማ መቃብር ዘንድ እንስራውን አውርዳ ተንበረከከች፤ አፈሩን በውሃ ልታረጥበው ነው። ከማፍሰሷ በፊት ግን እጇን ወደ ውስጥ ሰዳ፣ ዓሣ አብራ ቀድታ እንደሆነ ዳሰሰች።