ከግድግዳችን በላይ ያለው ጉቶ

ቤታችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ ነው። ከኋላ ግድግዳችን በላይ የጎረቤታችን ጓሮ አለ፤ ጫፉ ላይ ከላይ ወደ ታች የተደረደሩ ሦስት ትልልቅ ባሕር ዛፎች ነበሩ። ባለፈው ክረምት አፈሩ ተንሸራቶ ግድግዳችንን ሰንጥቆታል። ዘንድሮ ዝናቡ ሊገባ ሲል ጎረቤታችን ዛፎቹን ከነሥራቸው ለነጋዴ መሸጣቸውን ሰማን፤ ሥሩ ለከሰል ይፈለጋል። ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ኑሮው ሲወደድባቸው ሌላ የሚሸጡት ነገር አልነበራቸውም።

እናቴ፣ «አንተ ዩኒቨርሲቲ ገብተህ የለም? መምህሮችህን ጠይቅልን እንጂ» አለችኝ። «ሥሩ ከወጣ ግድግዳው እላያችን ላይ ነው የሚመጣው።»

ጠየቅሁ። የአካባቢ ሳይንስ መምህራችን ባሕር ዛፍ ቀስ በቀስ በአገር በቀል ዛፍ መተካት እንዳለበት ካስረዱኝ በኋላ፣ «ግንዱ ይቆረጥ፤ ሥሩ ግን ክረምቱ ሳይወጣ እንዳይነካ» አሉኝ። የኢኮኖሚክስ መምህራችን ደግሞ መልሰው ጠየቁኝ፦ «ሴትዮዋ ሥሩን ቢተዉ ምን ያጣሉ? እሱን ሳታስብ ብትሄድ ማን ይሰማሃል?» ስልኬ ላይ ያለውን ኤአይም ጠየቅሁት። ረጅም መልስ ሰጠኝና መጨረሻው ላይ በአቅራቢያዬ ያለ ባለሙያ እንዳማክር መከረኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ጓሯቸው ስወጣ ግንዶቹ ወድቀዋል። ሁለት ሰዎች የላይኛውን ጉቶ ይቆፍራሉ። በእንጦጦ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል።

«እትዬ፣ የታችኛውን ጉቶ እንኳ ይተዉልን» አልኳቸው። «አፈሩን የያዘው ሥሩ ነው ብለዋል መምህሬ።»

«መምህርህ ጤፍ ይሰፍርልኛል?»

አንዱ ቆፋሪ ዶማውን ተደግፎ ሳቀ። «ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ስለ ጉቶ ነው ለካ» አለው ጓደኛውን።

ያዘጋጀሁትን ተናገርኩ። «ጉቶው ከቀረ ያቆጠቁጣል። ከጥቂት ዓመት በኋላ እንደገና ይሸጡታል።»

እትዬ ረጋ ብለው አዩኝ። «ከጥቂት ዓመት በኋላ እኔ የት ነኝ፣ ልጄ?»

ዶማው እንደገና መሬቱን ሲመታ ከጫፉ ላይ አፈር ተንዶ ጣሪያችን ላይ ተንኮሻኮሸ። እናቴ ከታች፣ «ምንድን ነው እሱ?» ብላ ጠየቀች።

እትዬ ወደ ጫፉ ተጠግተው ቁልቁል ተመለከቱ። ከዚያ ወደ ቆፋሪዎቹ ዞሩ።

«የታችኛውን ተዉት።»

«ነጋዴው ከዋጋው ይቀንሳል እኮ፣ እማማ።»

«ይቀንሳ።»

ቤት ስገባ እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። «እሺ አሉ?»

«አንዱን ትተውልናል።»

«ሁለቱስ?»

«እየተቆፈሩ ነው።»

እናቴ ግድግዳው ሥር ወዳለው የኋላ ክፍል ገብታ እህቴ የምትተኛበትን ፍራሽ ወደ ሳሎን መጎተት ጀመረች። እኔም ሌላኛውን ጫፍ ያዝኩ። ሳሎን ሳናደርሰው ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ።