ከጆሮ እስከ አፍ

አባቴ በዚያ ሰሞን ከቀበሌው ሱቅ ስኳሩን ይዘው ላምባውን ረስተው ተመለሱ። በማግሥቱ ላምባውን አመጡና ሳሙናውን ረሱ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የቀረነው ሁለታችን ነን፤ እኔ ቀን ሥራ ስለምውል ራሽን ማምጣት የእሳቸው ፈንታ ነበር። «እርጅና ብቻውን አይመጣም» ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ነገር ማለፍ የሚባል አልፈጠረብኝም፤ ቁጭ ብድግ ማለት ጀመርኩ።

የሚያስጨንቀኝ ላምባው አልነበረም። አባቴ እንጦጦ ማርያም ቅኔ ተቀባይ ናቸው። በንግሥ ቀን ባለቅኔው ማንም ሰምቶት የማያውቀውን አዲስ የግዕዝ ቅኔ ሐረግ በሐረግ በጆሯቸው ይላል፤ እሳቸው እንደሰሙ ተቀብለው በዜማ ለሕዝቡ ያሰማሉ። ወረቀት የለም። ቅኔው አንዴ ከተባለ አይደገምም። ከጆሮ እስከ አፍ ባለችው መንገድ አንዲት ቃል ከወደቀች በካህናቱ ሁሉ ፊት መዋረድ ነው። ደርግ የቤተ ክርስቲያኑን መሬት ከወሰደ ወዲህ ለአባቴ የቀረላቸው ማዕረግ ይህ ብቻ ነበር፤ የኅዳር ማርያም ደግሞ እየደረሰች ነው።

እኔ መገናኛ አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ። ቁጥር ሰምቼ እስክደውል ድረስ መያዝ እንጀራዬ ነው። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ትናንት ከትምህርት ቤት የወጣች ናት፤ ቁጥሩን በእንግሊዝኛ «ቱ፣ ስሪ፣ ኤይት» እያለች በአንድ ትንፋሽ ትጨርሰዋለች። እኔ በአማርኛ «ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ሰባት» እያልኩ ሳነበንብ መጨረሻው ላይ ስደርስ መጀመሪያው ይጠፋኛል። ብሽቅ ብዬ በእንግሊዝኛ ሞከርኩት። እውነትም ያዝኩት! ታዲያ ነገር መያዝ የጭንቅላት ነው የምላስ? አርባ ሳልሞላ እኔ እንዲህ ከሆንኩ፣ ሰባን ያለፉት አባቴ ምን ሊሆኑ ነው? ይህን ሳወጣ ሳወርድ የስንቱን ሰው ስልክ ተሳስቼ አገናኘሁ።

ራት ላይ ልፈትናቸው ተነሣሁ።

«አባባ፣ እስቲ ይህን ቁጥር ይድገሙልኝ።»

ግማሹ ላይ ቀሩ። ሌላ ሰጠኋቸው፤ እዚያው ላይ ቀሩ።

«ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ? ካድሬ ሆንሽብኝ እኮ!» አሉ። «ደግሞ ይህ ነገርሽ እጀታ የለውም፤ በምኑ ልያዘው?»

«ዘንድሮ ቅኔውን ለሌላ ሰው ቢተዉትስ?»

የጎረሱትን ዋጡ። «ስትቀብሪኝ እተወዋለሁ» አሉኝ።

በንግሡ ዕለት በባሕር ዛፉ መካከል ሽቅብ ስንወጣ «መቋሚያዬን ይዣለሁ?» ብለው ጠየቁኝ። እጃቸው ላይ ነበር።

ታቦቱ ወጥቶ ቆመ። ባለቅኔው ወጣት ነው፤ ችሎታውን ለማሳየት ሐረጉን ያስረዝማል። እኔ ከሴቶቹ መካከል ቆሜ የነጠላዬን ጥለት እጠመዝዛለሁ፤ አጠገቤ ያሉት ሴትዮ «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» አሉኝ። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀበላሉ። አንዱ ሐረግ አለፈ፣ ሌላው አለፈ። የመጨረሻው ግን ከሁሉም ረዘመ። ባለቅኔው ጨርሶ ቀና ሲል አባቴ ዝም አሉ። ካህናቱ ተያዩ። አለቀልን አልኩ።

ከዚያ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉና አነሡት፤ ያንን ረጅም ሐረግ ከነዜማው፣ አንዲት ሳትጎድል።

«ይበል! ይበል!» አሉ ካህናቱ።

ሳልፈልግ እንባዬ መጣ። ከስኳርና ከላምባ አንዱን የሚረሱት ሰው እኮ ናቸው! ከልጅነታቸው ጀምሮ በቅኔ ቤት ሲሰሙት የኖሩት ግዕዝ ግን ለእሳቸው ሁሉም ነገሩ እጀታ አለው። ያን ሁሉ ሰሞን በከንቱ መቃጠሌ አናደደኝ፤ ደስም አለኝ።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ከሁለታችን የምቀልለው እኔ ነበርኩ። መታጠፊያው ላይ አባቴ ቆም አሉ።

«ለመሆኑ ቅኔው ምን ይል ነበር?»

በተራቸው የሚፈትኑኝ መሰለኝና ሳቅሁ። ፊታቸውን ሳየው ግን የእውነታቸውን ነው። የጠፋባቸውን ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። እኔ ደግሞ ግዕዝ አልችልም። ልቤ እስኪቆም ድረስ ሳዳምጥ ቆይቼ አንዲት ቃል እንኳ አልያዝኩም።

«አንዲት ሳይጥሉ ተቀበሉ አባባ» አልኳቸው።

«እሱንስ ተዪው» አሉ። «ምን ይል ነበር?»

ክንዳቸውን ያዝኩና ቁልቁለቱን ወረድን።