ጸናጽል ፍለጋ ግብጾች አዳራሽ

ቅዳሜ ጠዋት ከሰፈራችን ከፍሌሚንግደን ፓርክ የተነሳነው እኔና መሪጌታ ነን። ከእኔ በላይ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ፤ በተከራየናት የጸሎት አዳራሽ ማሕሌት የሚመራልን ከእሳቸው ሌላ የለም። ያስነሳን ጉዳይ ጸናጽል ነው። ከአገር ቤት የሚያመጣልን ሰው አጣን። ብየዳ የሚሠራው ወንድሜ፣ “ቅርጹን ብቻ አሳዩኝ፣ እኔ እሠራዋለሁ” አለ። መሪጌታን ሣሉልን ብንላቸው፣ “መያዙን እንጂ መሣሉን አላውቅም” ብለው እምቢ አሉ። ጭራሽ፣ “ያለ ጸናጽል ለልደት አልቆምም፤ ሌላ ሰው ፈልጉ!” አሉን። ሌላ ሰው ከየት ይመጣል? አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የጥንት ግብጾች ጸናጽል ሙዚየም ውስጥ አይቻለሁ ስትለኝ፣ ሳላሳያቸው አላርፍም አልኩ።

መንገድ ላይ

በረዶው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ባሱ ዘግይቶ መጣ፤ ከዚያ የምድር ውስጥ ባቡሩን፣ ሰብዌይ ያዝን። መሪጌታ ጋቢያቸው ላይ ጃኬት ደርበው ያጉረመርማሉ።

“ለፈርዖን ዕቃ ይሄን ሁሉ ብርድ!”

“ጌታችንም እኮ ግብጽ ተሰዷል፣ መሪጌታ።”

“እሱንማ እናቱ አዝላው ነው። እኔን ማን ያዝለኛል?”

የሙዚየሙ ትኬት ሻጭ ለሲኒየር ቅናሽ አለ አለችን። ተረጎምኩላቸው። “ማንን ነው ሽማግሌ ያለችው?” ብለው ተቆጡ፤ ቅናሹን ግን አልመለሱም።

ግብጾቹ ዘንድ

ዓይናቸው የተኳለ የሬሳ ሣጥኖች፣ ጣት የሚያካክሉ ሰማያዊ ምስሎች፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ድመት። መሪጌታ እያማተቡ አለፉ። ጸናጽሉ መስታወት ውስጥ ነበር፤ ነሐሱ አረንጓዴ ሆኗል፣ እጀታው ላይ የላም ጆሮ ያላት ሴት ተቀርጻለች። መነጽራቸውን አደረጉ።

“ይሄማ አናቱ ገጥሟል! የኛ ላዩ ክፍት ነው።”

ተስፋ ቆረጥኩ። ያን ሁሉ መንገድ!

“ወገቡም ጠቧል። የኛ አራት ጣት ያስገባል። ሽቦው ሁለት ይበቃል፤ የሚንሿሿው ክብ ብረትም…” እያሉ በጣታቸው መስታወቱ ላይ ይለካሉ። ያኔ ነቃሁ። የሙዚየሙን ካርታ ገልብጬ እርሳስ አወጣሁ።

“ምን ትጭሪያለሽ?”

“እርስዎ ግብጾቹን ይውቀሱ፣ እኔ ልሣል።”

ጠባቂው መጥቶ መስታወቱን አትንኩ አለን።

“ጸናጽሉ ስህተት አለበት በይው!”

“ሶሪ ብለዋል” አልኩት።

ቤት

ስንደርስ መሽቶ ነበር። እግሬ ቢቀዘቅዝም አንድ ነገር ተምሬ ገባሁ፤ ሰው ተናገር ሲሉት እምቢ ያለውን፣ የተሳሳተ ነገር ሲያይ ሳይጠየቅ ያወጣዋል። ወንድሜ ሥዕሉን አየና፣ “በዚህማ እሠራለሁ። ማን ሣለው?” አለ።

“እኔ” አሉ መሪጌታ። እርሳሴን ኪሴ ከትቼ ጠየቅኳቸው።

“ታዲያ ለልደት ይቆማሉ?”

“ኧረ ሌላ ማን ሊቆም ነው?”