የእኛ ወንበር

ኦክላንድ ውስጥ ከፍሪዌዩ ድልድይ ሥር ካሉት የቤት አልባዎች ድንኳኖች ቫርኒሽ የተቀባ እንጨት ጭስ መኪናዬ ውስጥ ገባ። ወንበር ሲነድ ሽታውን አውቀዋለሁ።

የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ አቴንስ ነበርን። እናቴ እትዬ ኤሌኒ የሚባሉ ግሪካዊት አሮጊት ታስታምም ስለነበር እሳቸው ቤት እንኖራለን። በአገሩ የገንዘብ ቀውስ ጡረታቸው ተቀንሶ ለማሞቂያው ናፍጣ መግዛት አቃታቸው። ከአደባባዩ ቅነሳውን የሚቃወም ሰልፈኛ ጩኸትና አስለቃሽ ጭስ በመስኮት እየገባ፣ እሳቸው የምግብ ጠረጴዛውን ወንበሮች እናቴን እያስፈለጡ ያነዱ ነበር። ከስድስቱ ሦስት ቀሩ፤ ለሦስታችን።

አንድ ጠዋት ደግሞ ከሦስቱ አንዱን ራሳቸው እየጎተቱ መጡ። እናቴን ቀና ብለው አላዩዋትም። እሷም ፈለጠችላቸው፣ እሳቱን አቀጣጠለችላቸው፤ ከዚያ ሻንጣችንን ከአልጋው ሥር አወጣች።

"እማ፣ የት ልንሄድ ነው?"

"የእኛ ወንበር እኮ ነደደ፣ ልጄ።"

እኔ ሮጬ እትዬ ኤሌኒን "ቆሜ እበላለሁ" ብዬ ለመንኳቸው። ፊታቸውን ወደ እሳቱ አዞሩ።

"ማሚ፣ ዊንዶውን ዝጊው" አለች ልጄ ከመኪናው የኋላ ወንበር። ሚልፒታስ ከተማ ካለው ሥራዬ ሌይኦፍ ተደርጌ ከተቀነስኩ ሁለት ወር ሆነኝ፤ እስካሁን አልነገርኳትም። መስኮቱን ዘጋሁት። ቤት ስንገባ ሳላስበው ወንበሮቻችንን ቆጠርኩ።