የወንድሜ ክንድ

ወንድሜ በመስከረም መጨረሻ በንዳድ ሞተ። ከየት እንደምጀምር ብዙ ጊዜ አሰብኩ፤ ሌላ መጀመሪያ አላገኘሁም።

ውጭ አገር ለሁለተኛ ዲግሪ ሥነ ሕንፃ ይማር ነበር። ለመመረቂያ ጽሑፉ የመረጠው የፎገራን ሜዳ ቤቶች ነው። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲያጥለቀልቀው ሰው በቤቱ እንዴት እንደሚከርም፣ የጭቃ መደቡን ምን ያህል ከፍ እንደሚያደርግ ማወቅ ፈለገ። እኛ ይህ የሚጠና ነገር መሆኑን አናውቅም ነበር። አባቴ «ጭቃ ቤት ለማየት ነው ባሕር ተሻግረህ የተመለስክ?» ብሎ ስቆበታል። ሐምሌንና ነሐሴን በጭቃ ሲመላለስ ከረመ። ዐሥራ ዘጠኝ ቤት ለክቶ በደብተር ጻፈ። ከዚያ ተኛ።

ከሞተ በኋላ ከመምህሩ ደብዳቤ መጣ። እንግሊዝኛውን መዝገበ ቃላት ይዤ ሁለት ቀን አነበብኩት። ልኩ በሜትር ተጽፎ፣ ሥዕሉ ተሟልቶ እስከ ፋሲካ ከደረሰኝ ዲግሪው በስሙ እንዲሰጥ አደርጋለሁ ይላል። ከቤታችን ይህን ማድረግ የምችል እኔ ብቻ ነበርኩ። ደብረ ታቦር ዐሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ፤ ያን ዓመት ወደ ትምህርቴ አልተመለስኩም።

ደብተሩ ግን በሜትር አልተጻፈም። በክንድ ነው። የመጀመሪያውን ቤት ሊለካ ሲሄድ ብቻ አብሬው ነበርኩ። ያን ሰሞን መሬት ሊለካ ነው፣ ግብር ሊጨመር ነው የሚል ወሬ ከሐሙሲት እስከ ይፋግ ተዛምቶ ነበር። የቤቱ ባለቤት አንዲት ባልቴት ነበሩ። የብረት ሜትሩን ሲያዩ ደጃፉ ላይ ቆሙብን።

«ቃላድ ልትጥልብኝ ነው የመጣህ?»

«ቤቱን ብቻ ነው፣ እናቴ። መሬቱን አልነካም።»

«ቤቱስ በምን ላይ ቆመና? ይልቅ ያችን የምታብለጨልጭ ነገር ክተታትና በክንድህ ለካ። ክንድ ግብር አያመጣም።»

ሳቀ። ሜትሩን ከተተ። ከዚያ ወዲያ ቤቶቹን ሁሉ በክንድ ለካ፣ ከክርን እስከ መሀል ጣት ጫፍ። «ኋላ ክንዴን በሜትር ለክቼ አባዛዋለሁ» አለኝ። ለክቶ ከሆነም የትም አልጻፈው። እንግዲህ ደብተሩ «ዐሥራ ሁለት ክንድ» ይላል፤ ክንዱ ግን ከአፈር በታች ነው።

በክንዱ የለካው ነገር እቤት ተርፎ እንደሆነ እናቴን ጠየቅኋት። ብዙ አሰበች።

«ይፋግ ገበያ አቡጀዲ ስገዛ ያስለካሁት እሱን ነበር። ክንደ ረጅም ስለሆነ ነው ይዤው የወጣሁ። ነጋዴው ‹አንቺ፣ የግመል እግር ይዘሽብኝ መጣሽ› እያለ ሲጮኽ፣ እሱ ስምንት ክንድ ለካልኝ። ሳልቆርጠው አስቀምጬው ነበር።»

«የታለ?»

አላየችኝም። «በሱ አይደል የገነዝነው» አለች።

ሌላ መንገድ ፈለግሁ። ወደ ባልቴቷ ቤት ሄጄ በራሴ ክንድ ለካሁ። እሱ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ዐሥራ ሁለት ብሎ የጻፈው ለእኔ ዐሥራ ሦስት ተኩል ሆነ። የእኔ ክንድ በሜትር ሲለካ አርባ አራት ሳንቲ ሜትር ነው። የሱ አርባ ዘጠኝ ተኩል ወጣ። ወረቀቱን ይዤ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ፤ ወንድሜን በአንድ በኩል ያገኘሁት መስሎኝ ነበር። በዚያ ቁጥር ዐሥራ ዘጠኙንም ቤት አባዛሁ፣ እሱ እንዳሳየኝ ሣልኩ፣ በኅዳር መጨረሻ በፖስታ ላክሁ። አንድ ቤት ብቻ መለካቴ ነው ጥፋቴ።

በታኅሣሥ ሰማንያው ወጣለት። ድንኳኑ ውስጥ ከርብ ዳር የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አጠገቤ ተቀመጡ።

«ወንድምህ ብርቱ ነበር» አሉኝ። «ያን ለትም እየተንቀጠቀጠ ነው የመጣ።»

«መቼ ለት፣ አባቴ?»

«የኔን ቤት የለካን ለት ነዋ። ክንዱን ማንሳት አቃተው። እሱ ከደጃፍ ተቀምጦ ጻፈ፣ እኔ ለካሁ። የጎረቤቶቼንም ቤት ባለቤት ባለቤቱ ነው የለካለት። ስድስት ቤት እንዲያ ሆነ።»

ክንዳቸውን አየሁት። ከእኔም ያጥራል። ጠላዬን መሬት አስቀመጥኩ። በቀን አንድ ቤት ነበር የሚለካው፤ ስድስት ቤት ማለት ስድስት ቀን ነው። በነዚያ ቀናት ሁሉ ወደ ቤት እየመጣ አብሮን ራት ይበላ ነበር። ደከመኝ ሲል ጭቃው ነው ብለን ነበር።

ቤቶቹን ድጋሚ መለካት አይቻልም። ውሃው ሲጎድል የወንዝ ዳር ሰዎች ቤታቸውን አፍርሰው፣ ምሰሶና ማገራቸውን ተሸክመው ወደ ከፍታው ወጥተዋል። ቦታው ላይ ጓያ በቅሎበታል።

ለአባቴ ነገርኩት።

«ዝም በል» አለኝ። «እዚህ ድረስ ማን መጥቶ ይለካል? ቤቱም የለ፣ እሱም የለ።»

«ልኩ ሐሰት ነው፣ አባዬ።»

«ለወንድምህ ስትል ዝም በል አልኩህ።»

ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ወንድሜ ግን ሲለካ «አንድ ስንዝር ከተሳሳትኩ ውሃው መደብ ላይ ከተኛ ልጅ ይደርሳል» ይል ነበር። በሱ ስም ሐሰት እንዲቀመጥ አልፈለግሁም። ወይም ዝም ማለቱን አልቻልኩበትም፤ የትኛው እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

ስድስቱን ሰዎች ፍለጋ ሄድኩ። ቤቱ ባይኖር ክንዳቸው አለ፤ እሱን በሜትር ብለካ ቁጥሩ ይስተካከላል ብዬ ነው። ሽማግሌው ዘረጉልኝ። «ለካ። እኔ ከሞት ጋር ድሮ ተዋውቀናል» አሉ። ሌሎቹ እጃቸውን ከጋቢ ውስጥ አላወጡም። በሕይወት ያለ ሰው አይለካም፣ የሚለካ ሬሳ ነው አሉኝ። ያን ዓመት ንዳድ ያልገባበት ቤት አልነበረም። አንደኛውን ለመንኩት፤ እግሩ ሥር ወደቅሁ። ሚስቱ በጥቅምት ልጅ የቀበረች ናት። ድምጿን ሳታነሳ «ሜትር ይዞ የመጣው ወንድምህ የታለ?» አለችኝ። ተነሥቼ ሄድኩ።

የሽማግሌውን ቤት በክንዳቸው አስተካክዬ፣ ስለ አምስቱ ለመምህሩ እውነቱን ጻፍኩ። መልሱ በዐቢይ ጾም መጣ። ዐሥራ አራት ቤት አይበቃም፣ የጥናቱ ዋና ነገር የወንዝ ዳሮቹ ነበሩ፣ ትምህርት ቤቱ ዲግሪውን መስጠት አይችልም፣ እጅግ አዝናለሁ ይላል።

ለአባቴ እየተረጎምኩ አነበብኩለት። እስኪያልቅ ሰማኝ።

«ዝም ብትል ኖሮ ይሰጡት ነበር?»

«ይሰጡት ነበር።»

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ዱላውን አንሥቶ ወደ ከብቶቹ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከጎረቤት ጋር ስለ ወንድሜ ሲያወራ እኔ ከገባሁ ያቋርጣል።