ሱቅ ዘግቼ የተቀመጥኩት ለቅሶ

በፈረንጅ 2019 ዓመተ ምሕረት ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። ደቡብ አፍሪካ፣ ካትሌሆንግ በሚባል ሰፈር፣ ከአንዲት ባልቴት ግቢ ጋራዥ ተከራይቼ ፊቱን ሱቅ አድርጌ ከጀርባው እተኛለሁ። የሰፈሩ ቤት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለጥቁር ሠራተኛው ቤት ሲያጥር መንግሥት ከከተማው አርቆ በመስመር የደረደራቸው ባለ አራት ክፍል ቤቶች ናቸው። የባልቴቷ አባት የቤታቸውን ቁልፍ ሲረከቡ እሳቸው ሕፃን ነበሩ። ጎጎ እላቸዋለሁ፤ በዙሉ አያት ማለት ነው፣ የሚበልጡኝ ግን አሥር ዓመት ቢሆን ነው። ስምንት ዓመት ከሱቁ የብረት ፍርግርግ ጀርባ ስኖር በስሜ የጠሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ለሌላው ሰው እንደ መጤ ባለሱቅ ሁሉ "ማይ ፍሬንድ" ነኝ።

ጎጎ ማክሰኞ ሞቱ። የማውቀውን አደረግሁ። ሱቁን ዘጋሁ፣ ጥቁር ሹራቤን ለበስኩ፣ የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ ተቀመጥኩ። ሦስት ቀን። ነፍስ ይማር የሚለኝ አልመጣም። ማን ሐዘንተኛ መሆኔን ያውቃል? ለቅሶው ወዳለበት ወደ ትልቁ የጎጎ ቤት እንዳልገባ የሐዘን መዝሙራቸውን አላውቀውም፤ አፈርኩ።

ሐሙስ ከሰዓት ልጃቸው በሩን ደበደበች። ጠና ያለች ነርስ ናት።

"ባባ፣ ዕቃ እየሸከፉ ነው?"

"ለምን እሸክፋለሁ?"

"ወንድሜ እንደዚያ ነው የሚለው። ቤታችን ለቀስተኛ ሞልቶ ስኳርና ሻማ ፍለጋ ሌላ ሰፈር እንሄዳለን፤ እርስዎ ዘግተው ተኝተዋል። ከቀብሩ በኋላ ጋራዡን ለሌላ እሰጣለሁ ብሏል።"

"አልተኛሁም። ለቅሶ ተቀምጫለሁ። በእኛ አገር ሰው ሞቶበት ሱቅ የሚከፍት ሰው አይባልም።"

አንገቷን አስግጋ ውስጡን አየች።

"ከማን ጋር ነው የተቀመጡት?"

"ከማንም።"

ሳቀች፣ ከዚያ ዓይኗን ጠረገች። "ይህ ሽማግሌ ግትር ነው ትል ነበር እናቴ። እኛ ጋ ለሐዘንተኛ የሚዘጋ ሱቅ የለም፤ እንዲያውም ባለሱቁ ዱቄት ይዞ ነው ለቅሶ የሚመጣው። ነገ ይክፈቱ። ወንድሜን አነጋግረዋለሁ።"

ትክክል ነኝ አልኳት። ዛሬም እላለሁ። ግን ከዚያ ግቢ ብወጣ የምሄድበት አልነበረኝም።

አርብ ጠዋት የዳቦው መኪና ሳይደርስ ከፈትኩ። ሹራቤን አላወለቅሁም። መጀመሪያ የመጣው ወንድምየው ነው፤ ፊቱን አጥቁሮ ስኳር አለኝ። ስኳሩን ሰጠሁትና አንድ ከረጢት የበቆሎ ዱቄት ትከሻዬ ላይ አወጣሁ።

"ሱቁን ጠብቅልኝ" አልኩት።

ዱቄቱን ትልቁ ቤት አስገብቼ ለቅሶ ከተቀመጡት ሴቶች አጠገብ ተቀመጥኩ።